ከውስጥ የሚደፈርሰው የመኪና መስታወት
ለአሽከርካሪዎችና ለመኪና ባለቤቶች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አሽከርካሪዎች፣ የመኪና ባለቤቶች፣ እንዲሁም በጋራዥና በላቫጆ ሥራ የምትተዳደሩ ወንድሞችና እህቶች፤ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው በአሽከርካሪው ፊት ባለው መስታወት ላይ፣ ያውም በውስጠኛው ገጹ፣ ቀስ በቀስ ስለሚጋገር ስስ ቅባት ነው። ይህ ቅባት በቀትር ብርሃን ሲያዩት የለም ያሰኛል። ማለዳ ፀሐይ ከፊት ስትመጣ ወይም ማታ ከወዲያ የሚመጣ መኪና መብራቱን ሲለቅ ግን መስታወቱ በሙሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ብዙዎቻችን «ላቦት ነው»፣ «አቧራ ነው» እያልን በእጃችን ጠርገነው እናልፋለን። በእኔ እምነት ግን ጭጋጉን እየጠረጉ ቅባቱን መተው፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር የተነሳሁት ኬሚስትሪ ስለማስተምር ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ወር አንድ ጠዋት፣ ከጦር ኃይሎች ተነስቼ በልደታ በኩል ወደ ሜክሲኮ እየነዳሁ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሰማዩ ዳምኗል። ልደታ አካባቢ ስደርስ ደመናው ድንገት ተገልጦ ፀሐይ ከፊት ለፊቴ ወጣች፤ መስታወቱም በአንድ ጊዜ ነጣ። የዝናብ መጥረጊያውን አንቀሳቀስኩ፤ ቆሻሻው ከውስጥ ነበርና ምንም ለውጥ አልመጣም። በመዳፌ ጠረግሁት፤ ባሰበት። በዝግታ እሄድ ስለነበር ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ሲቆም አንዲት እናት ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ከመኪናዬ አፍንጫ በሁለት እርምጃ ርቀት መንገዱን ሲያቋርጡ አየሁ። እስክቆም ድረስ ግን በፍጹም አላየኋቸውም ነበር። እርሳቸው ቀና ብለው አይተውኝ አለፉ፤ እኔ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ዳር ይዤ ለረጅም ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመስታወት ንጽሕናን ከውበት ጉዳይ ጋር አልቆጥረውም።

ቦታውንም የጠቀስኩት በምክንያት ነው። የከተማችን የቀላል ባቡር የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋ መሆኑን አስቡ። ከአያት ወይም ከሲኤምሲ ተነስቶ ጠዋት ወደ መሃል ከተማ የሚገባና ማታ የሚመለስ ሰው በሁለቱም ጉዞ ፀሐይዋ ከጀርባው ናት። በምዕራቡ በኩል ከጦር ኃይሎች ወይም ከዚያ ወዲያ ተነስቶ ወደ መሃል የሚገባ ሰው ግን ጠዋት ፀሐይ ከፊቱ ትወጣለች፤ ማታ ሲመለስም እንደገና ከፊቱ ትጠልቃለች። ስለዚህ በአንድ ዓይነት መኪና፣ በአንድ ዓይነት ቅባት፣ የአንዱ ሰው ችግር የሌላው ሰው ችግር ላይሆን ይችላል። በምዕራብ በኩል የምትኖሩ ሰዎች የማወራውን ነገር ከሌሎቹ ይልቅ በደንብ እንደምታውቁት እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ይህ ቅባት ከየት እንደሚመጣ ልናገር። አረቄ ሲወጣ ያያችሁ ሰዎች ነገሩን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ድፍድፉ ከታች በእሳት ይግላል፣ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ይሄዳል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ዘንድ ሲደርስ ይረጋና ጠብ ጠብ ይላል። መኪናችንም ቀን ቀን ይህንኑ ይሠራል። ከመስታወቱ ሥር የተዘረጋው ዳሽቦርድ፣ የበሩ ልባስ፣ የወንበሩ ፎደራ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅና ተሰባሪ ነው፤ የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ያው ፕላስቲክ ነው። እንደ ቆዳ እንዲለሰልስ የሚደረገው ፍታሌት የሚባሉትን የመሳሰሉ ዘይት መሰል ማለስለሻዎች ተጨምረውበት ነው፤ በለስላሳው ፒቪሲ ውስጥ እነዚህ ማለስለሻዎች ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ሊደርሱ ይችላሉ። ማለስለሻው ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ አንድ አካል አልሆነም፤ በውስጡ ተውጦ የተቀመጠ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ በፀሐይ ሲግል ጥቂት በጥቂት ይተናል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማታ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እዚያው ላይ ይረጋል። የወንበሩ ስፖንጅና ልባሶቹ የተጣበቁባቸው ሙጫዎችም የየድርሻቸውን ያዋጣሉ።

መኪና ሠሪዎች ይህን ጉዳይ ከጥንት ያውቁታል፤ መለኪያም አበጅተውለታል። ዲን 75201 በተባለው የጀርመን የፍተሻ ደረጃ መሠረት ከመኪናው ውስጥ ልባስ ላይ ቁራጭ ናሙና ተወስዶ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ለ3 ሰዓት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ከላዩም 21 ዲግሪ ላይ እንዲቆይ የተደረገ መስታወት ይከደንበታል። ከዚያ በመስታወቱ ላይ የረጋው ቅባት የመስታወቱን ነጸብራቅ ምን ያህል እንዳደበዘዘ ይለካል። ሁለተኛው ዘዴ ናሙናውን ለ16 ሰዓት አሙቆ የረጋውን ቅባት በሚዛን መመዘን ነው። እንግዲህ ፍተሻው ራሱ የአረቄ ጣቢያውን በትንሹ መድገም ነው። የአዲስ መኪና ሽታ የምንለውና ብዙዎቻችን የምንወደው ነገርም በአብዛኛው ከእነዚሁ ልባሶች፣ ሙጫዎችና ስፖንጆች የሚወጣ ትነት ነው።

ይህ ለአገራችን ለምን አሁን ጎላ? እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አብዛኛው መኪናችን በሌላ አገር ብዙ ዓመት ያገለገለ፣ የመጀመሪያ ትነቱን ጨርሶ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ግን አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከቻይና በብዛት እየገቡ ነው፤ አዲስ ልባስ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁሉ ይበልጥ ይተናል። «መኪናዬ ገና አዲስ ነው፣ ማንም አያጨስበትም፣ ታዲያ መስታወቱ በየሳምንቱ ለምን ይደፈርሳል?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ቁጥር የጨመረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። መኪናቸው ምንም አልጎደለውም። ሐሩር ባለበት አገር፣ ለምሳሌ በድሬዳዋ ወይም በሰመራ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ደግሞ ከአዲስ አበባው ይልቅ ፈጥኖ ይደፈርሳል።

ልባሱ ብቻውን ግን አይደለም። የሲጋራ ጭስ ቡናማና ተጣባቂ ሽፋን ያለብሳል፤ በመኪና ውስጥ በጀሪካን የተጫነ ናፍጣና ዘይት ይተናል፤ መስኮት ተከፍቶ ከፊት ካለው አሮጌ መኪና ጀርባ ሲነዳ የጭስ ማውጫው ጥላሸት ይገባል። ቅባቱ አንዴ ከተጣለ በኋላ አቧራው ይለጠፍበታል። የወጥ ቤታችሁን መስኮት አስታውሱ፤ ቁሌት በሚቁላላበት በኩል ያለው መስታወት ላይ ያረፈ አቧራ በደረቅ ጨርቅ አይለቅም፤ የሳሎኑ ግን ይለቃል። ቁሳቁሱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሥር ያለው ቅባት ነው።

ከሁሉ በላይ የማዝንበት ምንጭ ግን በገዛ ገንዘባችን የምንገዛው ነው። ዳሽቦርድን የሚያብለጨልጩት ቅባቶች ብዙዎቹ የሲሊኮን ዘይት ያለባቸው ናቸው። ላቫጆ ከታጠበ በኋላ ዳሽቦርዱ እንደ ጫማ ሲያበራ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ያ የሚያበራው ቅባት ከጨርቁ ወደ መስታወቱ ይሻገራል፤ ሲሊኮን ደግሞ በውሃና በሳሙና በቀላሉ የማይለቅ ግትር ነገር ነው። በተጨማሪም የሚያበራ ዳሽቦርድ የራሱን ምስል በፊት መስታወቱ ላይ ስለሚጥል መስታወቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ያጨናንቃል። እኔ ዳሽቦርዴን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ አስጠርጋለሁ፤ ደብዛዛ ዳሽቦርድ ለአሽከርካሪ ወዳጅ ነው።

ቅባቱ በጣም ስስ ሆኖ ሳለ እንዴት ይህን ያህል ያሳውራል የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ስስ ቅባት ብርሃንን እንደ ጥቁር ፊልም አይውጠውም፤ ይበትነዋል እንጂ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 43 የመኪና የፊት መስታወት ቢያንስ 70 ከመቶ ብርሃን እንዲያሳልፍ ያዝዛል፤ በቅባት የደፈረሰ መስታወት ይህን መለኪያ ሳይቸገር ሊያልፍ ይችላል፤ ሆኖም ዓይን አያይበትም። ምክንያቱም ከወዲያ የሚመጣው የመኪና መብራት በቅባቱ ጥቃቅን ጠብታዎች ላይ ሲያርፍ በየአቅጣጫው ተበትኖ መስታወቱን በሙሉ ያበራዋል። ከዚያ ብርሃን ወዲያ በጨለማ ውስጥ ያለው እግረኛ ከመስታወቱ ንጣት ጋር መወዳደር አይችልም። የፊት መስታወት ወደ ኋላ ያዘመመ በመሆኑ ደግሞ አስተያየታችን መስታወቱን ቀጥ ብሎ አያልፈውም፤ በአግድሞሽ ስለሚያልፈው በሽፋኑ ውስጥ የሚጓዘው መንገድ ይረዝማል። በር ላይ ባለው መስታወት ብዙም የማይታወቅ ቅባት በፊቱ መስታወት ላይ ጎልቶ የሚታየው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጭጋጉ ልምጣ። ጭጋግ የሚፈጠረው በመኪናው ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ሲረጋ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ መጠኑን ግን ብዙ ሰው አይገምተውም። አንድ አዋቂ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ በትንፋሹና በቆዳው በኩል በሰዓት ወደ 40 ግራም የሚሆን ውሃ ያወጣል። በሚኒባስ ታክሲ 12 ተሳፋሪ፣ ሾፌርና ረዳት ሲደመሩ 14 ሰዎች ናቸው፤ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ወደ አየሩ ይገባል ማለት ነው። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን 17 ግራም ገደማ ሲሆን በ10 ዲግሪ ግን 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የክረምት ጠዋት መስታወት ከ10 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ትርፉ የግድ አንድ ቦታ መርጋት አለበት፤ የሚረጋውም መስታወቱ ላይ ነው። የተሳፋሪዎች ካፖርትና ጃንጥላ በዝናብ ሲርሱ ደግሞ ሂሳቡ ይብሳል።

ይሁንና አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ፤ የዚህ ንግግር ሥረ ነገር ይህ ነውና። ያው መጠን ያለው ውሃ በንጹሕ መስታወትና በቅባታም መስታወት ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ አይረጋም። እ.ኤ.አ. በ1904 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1911 ስለዚሁ ነገር ጽፈዋል። ነበልባል በመስታወት ላይ መስመር ሠርቶ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ መስታወቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ይተነፈስበታል። ነበልባሉ ባላለፈበት በኩል ትንፋሹ ነጭ ጭጋግ ይሆናል፤ ነበልባሉ ባለፈበት መስመር ላይ ግን ውሃው ተንጣሎ እንደ ስስ ልባስ ስለሚረጋ መስታወቱ ጥርት ብሎ ይቀራል። ሬይሊ ምክንያቱን ሲያስረዱ ነበልባሉ በመስታወቱ ላይ የነበረውን ስስ ቅባት ስላነሳው ነው ብለዋል። ቅባት ውሃን ስለማይወድ ውሃው በላዩ ላይ ሲያርፍ እየተኮማተረ ብዙ ጥቃቅን እንክብል ይሆናል፤ ብርሃንን የሚበትኑትም እነዚያ እንክብሎች ናቸው። ንጹሕ መስታወት ግን ውሃን ስለሚቀበለው ውሃው ተዘርግቶ ይለሰልሳል፤ ለዓይንም ከመስታወቱ ብዙም አይለይም። ጭጋግ የሚያሳውረን እንግዲህ ቅባቱ አብሮት ሲኖር ነው። መኪናችሁን በነበልባል እንድታጸዱ የሚመክር ሰው የለም፤ ቅባቱን ማንሳት ግን በጨርቅም ይቻላል።

እዚህ ላይ በመዳፍ የመጥረግን ልማድ ማንሳት አለብኝ። መዳፍ ውኃውን ለጊዜው ያሸሻል፤ የቆዳችንን ቅባት ግን በምትኩ ይተዋል። ለዚህም ነው በማግሥቱ ጠዋት ጭጋጉ ተመልሶ ሲመጣ የጣቶቻችንን ቅርጽ ይዞ የሚመጣው። ረዳቱ ወንበር በሚጠርግበት ጨርቅ፣ ሾፌሩ በጃኬቱ እጅጌ፣ አንዳንዱም በመስኮቱ መጋረጃ ጫፍ ሲጠርግ ሁሉም መስታወቱን አንድ ተጨማሪ ሽፋን እያለበሰ ነው። አንድ ንጹሕ ጨርቅ ለዚህ ብቻ በመኪናችሁ ኪስ ውስጥ ካስቀመጣችሁ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ስለ አጸዳዱ ያለኝን ልምድ ላካፍላችሁ። ጊዜው ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ቦታው ጥላ ቢሆን ይመረጣል፤ በጋለ መስታወት ላይ ፈሳሹ ቅባቱን ሳያነሳው ይደርቃልና። መጀመሪያ ዳሽቦርዱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ አቧራው እንዳይነሳባችሁ። ከዚያ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከሁለትና ከሦስት ጠብታ የማይበልጥ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጉ። ሳሙና ሲበዛ ራሱ ሌላ ሽፋን ስለሚሆን በዚህ ነገር ቸርነት አያስፈልግም። ጨርቁን ነክራችሁ በደንብ ጨምቃችሁ መስታወቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥረጉት፤ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ የተነከረ ሁለተኛ ጨርቅ ሳሙናውን ያንሳ። ይህ አብዛኛውን ቆሻሻ ያነሳል፤ የልባሱን ማለስለሻና የሲጋራውን ዝፍት ግን በሙሉ ላያነሳ ይችላል። ለዚያ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 ከመቶ አልኮል ጥሩ ነው። አልኮሉን መስታወቱ ላይ አትርጩት፤ ጨርቁ ላይ አድርጉት፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢንጠባጠብ ልባሱን ሊያበላሸው ይችላልና። በሮቹ ክፍት ይሁኑ፤ በአጠገባችሁ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይኑር፤ አልኮል በቀላሉ ይቀጣጠላል። በመጨረሻ ምንም ያልነካው ደረቅ ጨርቅ አንሥታችሁ ጨርሱት።

ጨርቁ ራሱ ከፈሳሹ ያልተናነሰ ቦታ አለው። ማይክሮፋይበር የሚባለው ጨርቅ ቅባትን በደንብ ይይዛል፤ ከሌለ ብዙ ጊዜ የታጠበ የጥጥ ካናቴራ ይበቃል። ሁለቱም ሲታጠቡ የልብስ ማለስለሻ አይጨመርባቸው፤ ማለስለሻው በጨርቁ ላይ የሚተወው ሰም መሰል ነገር ወደ መስታወቱ ይመለሳል። ጨርቁን አራት አጥፋችሁ አንዱ ገጽ ሲቆሽሽ ወደ ሌላው ተሻገሩ። አንድ ጨርቅ ሳይገለበጥ መስታወቱን በሙሉ ከጠረገ ቅባቱን ከቦታ ቦታ አዛወረው እንጂ አላነሳውም። እኔ ከውስጥ በኩል ወደ ጎን፣ ከውጭ በኩል ከላይ ወደ ታች እጠርጋለሁ፤ በኋላ መስመር ቢቀር በየትኛው ወገን እንደሆነ አቅጣጫው ይነግረኛል። ዳሽቦርዱና መስታወቱ የሚገናኙበት ጠባብ ጥግ ደግሞ ጣት አይደርስበትም፤ ጨርቁን በእጃችሁ ጀርባ ላይ ለብሳችሁ መዳፋችሁን ወደ ላይ አዙሩና ግቡ። ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ ይህ ነው፤ ቅባቱ በርክቶ የሚገኘውም እዚያው ከዳሽቦርዱ አጠገብ ነው።

ስለ ሳኒታይዘር ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ፤ ከኮሮና ዘመን ወዲህ በየመኪናው አለና። ሳኒታይዘር አልኮል ስለሆነ ያጸዳል ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስላል፤ ነገር ግን እጅ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ይጨመርበታል፤ በዓለም የጤና ድርጅት ቀመር መጠኑ 1.45 ከመቶ ነው። አልኮሉ ይተናል፤ ግሊሰሪኑ ግን መስታወቱ ላይ ይቀራል። ጄሉማ ከዚህም በላይ የሚያወፍር ነገር አለበት። ስለዚህ ለእጃችሁ ተውት። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ደግሞ በፍጹም አይሞከሩ፤ ነጭ ጋዙ ራሱ ቅባት ትቶ ይሄዳል፤ ቤንዚኑ እሳት ነው፤ የሁለቱም ትነት በተዘጋ መኪና ውስጥ ለሳንባ አይበጅም። የጺም አረፋ ወይም ደረቅ ሳሙና ቀብቶ መወልወል ጭጋግን ለተወሰነ ቀን ይከላከላል፤ ሳሙናው ውሃው እንዲንጣለል ስለሚያደርገው ነው። ሆኖም የሚቀረው ሽፋን ማታ መብራት ሲያርፍበት ያበራል፤ ስለዚህ ለሌሊት ነጂ አልመክረውም።

በላቫጆ የምትሠሩ ወንድሞቼ እዚህ ስላላችሁ በአክብሮት አንድ ነገር ልለምን። ብዙ ጊዜ አንድ ጨርቅ ከጎማው ይነሳል፣ በበሩ ያልፋል፣ ዳሽቦርዱን በቅባት ያበራል፣ መጨረሻ ላይ መስታወቱን ይነካል። ይህ የሚሆነው በስንፍና አይደለም፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጨርቅም ገንዘብ ነው፤ ደንበኛውም የሚመለከተው የሚያበራውን ነገር ነው። ቢሆንም የመስታወቱ ጨርቅ ቀለሙ የተለየ ይሁን፤ ቅባትም በፍጹም አይንካው። ደንበኞችም ብንሆን የራሳችንን ሁለት ጨርቅ ይዘን ብንሄድና ዳሽቦርዱ ባያበራ እንደማንቀየም አስቀድመን ብንናገር ሥራውን እናቀልላለን።

አሁን ሳይዘገይ መታየት ያለበትን አንድ ምልክት ልጥቀስ። መስታወቱን በደንብ አጽድታችሁት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ቅባቱ ተመልሶ ከመጣ፣ በተለይ ማሞቂያ ስትከፍቱ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ ያለው እንፋሎት ከወጣና መስታወቱ ሲነካ የሚያዳልጥ ከሆነ፣ ነገሩ የልባስ ትነት አይደለም። ከዳሽቦርዱ ጀርባ የሞተሩ ሙቅ ውሃ የሚያልፍባት ትንሽ ራዲያተር አለች፤ መኪናውን የምታሞቀው እርሷ ናት። እርሷ ስታፈስ በራዲያተሩ ውሃ ውስጥ ያለው አንቲፍሪዝ፣ ማለትም ኤቲሊን ግላይኮል፣ ከአየሩ ጋር እየተነፈሰ መስታወቱ ላይ ይረጋል። በተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ረጥቦ ይገኛል፤ የራዲያተሩም ውሃ ይጎድላል። ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ሽታው ጣፋጭ ቢሆንም በጣት ተነክቶ ወደ አፍ መድረስ የለበትም፤ ሕፃናትም ከዚያ ምንጣፍ ይራቁ። በአገራችን ብዙ ሰው በራዲያተሩ የቧንቧ ውሃ ብቻ ስለሚሞላ ፍሳሹ ቅባቱንም ሽታውንም ላያሳይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ምልክቱ ጭጋግ፣ እርጥብ ምንጣፍና የሚጎድል ውሃ ብቻ ነው። በአንዳንድ ጋራዥ መፍትሔው ትንሿን ራዲያተር ዘልሎ ሁለቱን ቱቦ ማገናኘት ነው። ይህ ሞተሩን ያድናል፤ ነገር ግን መኪናው ከዚያ በኋላ መስታወቱን የሚያደርቅበት ሙቅ አየር አይኖረውም። ደብረ ብርሃንን አልፎ በጣርማ በር ጉም ውስጥ የሚመላለስ ሾፌር ይህን ጥገና እንደ ጊዜያዊ እንዲቆጥረው አጥብቄ እለምናለሁ።

በጉዞ ላይ ሳለን ጭጋግ ሲይዘን የአየሩ መቀበያ ከውጭ እንዲስብ እናድርግ፤ ያው የውስጡ አየር የሚዘዋወርበት ቁልፍ ከተጫነ እርጥበቱ መውጫ የለውም። ኤሲ ያለው መኪና ኤሲውንና ማሞቂያውን አንድ ላይ ቢከፍት ኤሲው አየሩን ያደርቀዋል፣ ማሞቂያው መስታወቱን ያሞቀዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ነጂዎች ባትሪ ለመቆጠብ ሁለቱንም ትዘጋላችሁ፤ ቢያንስ መስታወቱ እስኪጠራ ድረስ ያለውን ባትሪ ግን አትንፈጉት። ኤሲም ማሞቂያም የሌለው ታክሲ የቀረው መስኮት ነው። እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ችግር አለ፤ «ዝጋው፣ ብርድ ይመታኛል» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም፤ በተለይ እናቶች ስለ ሕፃን ሲሉ ይህን ቢሉ አይፈረድባቸውም። ሾፌሩ ግን መከራከሩን ትቶ «እማማ፣ መንገዱ አይታየኝም፤ ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይከፈትልኝ» ቢል እምቢ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ከፊትና ከኋላ መሆኑ ትርጉም አለው፤ አየሩ ገብቶ የሚወጣበት መንገድ ሲያገኝ በጥቂት ክፍተትም እርጥበቱን ይዞ ይሄዳል።

ከመምጣቴ በፊት በጽሑፍ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁለቱን ልመልስ። አንዱ ጥቁር ፊልም ስለተለጠፈበት መስታወት ነው። ፊልሙ የሚለጠፈው ከውስጥ ስለሆነ የምታጸዱት መስታወቱን ሳይሆን ፕላስቲኩን ነው፤ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ፊልሙን ስለሚያበላሽ በቀላል ሳሙናና በውሃ ብቻ ተወሰኑ፤ የሚሻክር ነገርም አይንካው። ሁለተኛው የኋላ መስታወትን ይመለከታል። እዚያ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች መስታወቱን በኤሌክትሪክ የሚያሞቁ ናቸው፤ ከውስጠኛው ገጽ ላይ የተጋገሩ በመሆናቸው በምላጭ ከተፋቁ ይቆረጣሉ፤ አንድ ቦታ የተቆረጠ መስመርም ራሱ ማሞቁን ያቆማል። ስለዚህ ጨርቁ ሁልጊዜ በመስመሮቹ አቅጣጫ፣ ወደ ጎን ይሂድ፤ ከላይ ወደ ታች አይውረድ። ስቲከር ተለጥፎ ከነበረ ሙጫውን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ሸፍናችሁ አለስልሱትና በጥፍራችሁ ሳይሆን በጨርቁ አንሡት።